ኒኬሉ ስኳር ያውቃል፣ ግሉኮስን ግን ለይቶ አያውቅም

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂዋ ደብረ ብርሃን ማስተርሷን የምትሠራ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። «የኒኬል ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት ሠርቼ ግላሲ ካርቦን ኤሌክትሮድ ላይ ቀባሁ። ኢንዛይም የለበትም። በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ግሉኮስ ስጨምርበት ከረንቱ ደስ ይላል፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው። ፒኤች 7.4 ባፈር (ፒኤቹን እንደ ደም የሚይዝ ፈሳሽ) ውስጥ ሳስገባው ግን ጭጭ። የሰው ሲረም፣ ማለትም ሴሎቹ የተለዩለት የደም ውኃ፣ በሶዳው (በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ) ውስጥ ስጨምር ደግሞ ሆስፒታል ከሰጠኝ ቁጥር በሩብ ያህል ከፍ ይላል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሌላው፣ እናቴ መሐል ሜዳ ናቸው፤ ስኳር ከያዛቸው ቆየ። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ውድ ነው፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ይሄ ነገር ስትሪፑን ይተካልኛል?»

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። አይተካም። በዚህ ኤሌክትሮድ ቁጥር ተመርተሽ የእናትሽን ኢንሱሊንም ሆነ ክኒን እንዳትነኪ። ምክንያቱ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል። ስለ እሳቸው ስትሪፕ ግን ለብቻው የምልሽ አለኝ። መሐል ሜዳ ከፍ ያለ ብርዳም አገር ነው፤ መለኪያውም ብርድ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ኤሌክትሮዱ። ጥፋት አልሠራሽም። ኤሌክትሮዱ እንደ ጠባዩ እየሠራ ነው፤ ጠባዩን የነገረሽ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ሶዳ ውስጥ የገባ ኒኬል ላዩ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ይለብሳል። ቮልቴጁን በብር ክሎራይድ ሪፈረንስ (ቮልቴጅ የሚወዳደርበት ኤሌክትሮድ) ወደ 0.5 ቮልት ገደማ ስታደርሺው አንድ ኤሌክትሮን ይሰጥና ኒኬል ኦክሲሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ኒኬሉ ከ2 ወደ 3 ወጣ ማለት ነው። 3 የሆነው ኒኬል የተራበ ነው። አጠገቡ ግሉኮስ ሲያገኝ ኤሌክትሮን ይነጥቀውና ወደ 2 ይወርዳል። ኤሌክትሮዱ እንደገና ወደ 3 ይገፋዋል። ከረንት ብለሽ የምታነቢው ይህን መውጣትና መውረድ ነው። ፍሌይሽማን፣ ኮሪኔክና ፕሌቸር ኒኬል በሶዳ ውስጥ እንዲህ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈውታል። የሞከሩት ግን በአልኮሎችና በሌሎች ኦርጋኒክ ውሁዶች ነው። አልኮል የምትለዋን ቃል ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ኒኬሉ ወደ 3 በወጣ ቁጥር ሃይድሮክሳይድ ይበላል። ፒኤች 13 ላይ ያለው ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ፒኤች 7.4 ላይ ካለው ወደ 400,000 ጊዜ ይበልጣል። ባፈርሽ ውስጥ ጭጭ ያለው ለዚህ ነው። እርሾ ያልገባበትን ሊጥ ኩፍ በል ማለት ነው። መዳብም እንዲሁ ነው፤ መዳብ ኦክሳይድ፣ ኮባልት ኦክሳይድ ብለሽ ብትቀያይሪም ሶዳ መጠየቃቸው አይቀርም። በደም ፒኤች የሚሠሩት ወርቅና ፕላቲነም ናቸው። ለእነሱም ሌላ ጣጣ አለባቸው። ደም ውስጥ 100 ሚሊሞላር ገደማ ክሎራይድ አለ፤ ወርቁ ላይ ይለጠፍና ለግሉኮስ ቦታ ይከለክለዋል። ፕላቲነም ደግሞ ግሉኮሱ ሲሰባበር በሚተወው ጥራጊ ራሱን ይመርዛል። የናኖ ቅንጣት ጋጋታው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሰፊ ገጽ ካለው ቶሎ አይዘጋም በሚል ተስፋ። ተስፋው በከፊል ሠርቷል።

አንቺ ግን የያዝሽው ኒኬል ነው። ስለዚህ ወደ ሲረሙ እንሂድ፤ ጥያቄሽ ውስጥ ፍሬ ያለው እዚያ ነው።

የቤኔዲክት ሙከራን ለተማሪዎችሽ ሳታስተምሪ አትቀሪም። ሰማያዊው መዳብ ከስኳር ጋር ሲሞቅ ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ማነው ይሄን የሚያደርገው? ግሉኮስ ብቻ? አይደለም። ፍሩክቶስም፣ ማልቶስም፣ ላክቶስም ያደርጉታል። ሱክሮስ፣ ማለትም የሻይ ስኳር፣ ብቻ ዝም ይላል። የአንቺ ኤሌክትሮድ ከቤኔዲክትም የባሰ ነው፤ ሱክሮስንም ይበላል። ማመን ካቃተሽ ከክበቡ አንድ ቁንጥር ስኳር ለምነሽ ሞክሪው። ደስ የሚል ከረንት ይሰጥሻል። ቀጥሎ አንድ ጠብታ አልኮል ጨምሪ። ኒኬል እሱንም አይምርም።

ኢንዛይም በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚጠይቅ ዘበኛ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ቤታ ዲ ግሉኮስን ያስገባል፣ ሌላውን ይመልሳል። ኒኬል ግን የሠርግ ድንኳን ነው፤ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ይበላል። ሲረም ውስጥ ደግሞ እንግዳው ብዙ ነው። ዩሪክ አሲድ አለ፣ ቫይታሚን ሲ አለ፣ አሚኖ አሲዶች አሉ። ሰውየው ራስ ምታት ይዞት ፓራሲታሞል ውጦ ከሆነ እሱም አለ። የሆስፒታሉ መሣሪያ ግሉኮስን ብቻ ቆጠረ፤ የአንቺው ድንኳን ውስጥ ያለውን ሁሉ ቆጠረ። ሩቡ ትርፍ ከዚያ ነው የመጣው።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። አንድ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ብዙ የናኖ ጽሑፎች ይህን አያነሱትም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሆስፒታሎች የደም ስኳርን የሚለኩት በመዳብ ነበር፤ የፎሊንና የዉ ዘዴ ይባላል። ያ ዘዴ ከእውነተኛው ግሉኮስ በዴሲሊትር ወደ 20 ሚሊግራም ያህል አስበልጦ ያነብ ነበር። ምክንያቱ የአንቺው ነው፤ ደም ውስጥ ስኳር ሳይሆን እንደ ስኳር ለመዳብ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነገር አለ። በኋላ ሶሞጊ የሚባል ሰው በዚንክ ሃይድሮክሳይድ ፕሮቲኑን አዘቀጠ፤ ዝቃጩ ከፕሮቲኑ ጋር ብዙውን አስመሳይ ይዞ ወረደ። ቁጥሩም ወደ እውነቱ ቀረበ። ከዚያ ኢንዛይሞቹ መጡ። ክላርክና ላየንስ የኢንዛይም ኤሌክትሮድን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1962 አቀረቡ፤ የቤት ውስጥ ኤሌክትሮኬሚካል ስትሪፕ እ.ኤ.አ. በ1987 ገበያ ላይ ዋለ። ሕክምናው መዳብን ትቶ ኢንዛይም ያገባው ምርጫ ስለሚያውቅ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ «ከኢንዛይም ነፃ» ብለን ወደ አያቶቹ ተመለስን፤ ናኖ ስላለበስነው አዲስ ይመስላል።

ምርጫ አለማወቅ ቀልድ እንዳልሆነ አንድ ነገር ልጥቀስልሽ። አንዳንድ ስትሪፖች ማልቶስንና ግሉኮስን የማይለይ ኢንዛይም ነበራቸው። ሆድ ውስጥ በሚገባ ፈሳሽ ኩላሊታቸው የሚታጠብላቸው ሕሙማን ደም ውስጥ ማልቶስ ይገኛል፤ ፈሳሹ አይኮዴክስትሪን የሚባል ነገር ስላለበት። መለኪያው ስኳርህ ከፍ ብሏል ይላል፣ ኢንሱሊን ይወጋል፣ እውነተኛው ስኳር ግን ወርዷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያስጠነቅቅ ከዚህ ጋር የተያያዙ 13 ሞቶችን ጠቅሷል። ይሄ ዘበኛ ኖሮት ዘበኛው አንድ ሰው ብቻ ስለተምታታበት ነው። የኛው ዘበኛም የለው።

እንግዲህ ለቲሲስሽ ምን ታድርጊ? ሲረሙን በቀጥታ አትጨምሪ። መጀመሪያ እንደ ሶሞጊ ፕሮቲኑን አዝቅጪው፣ አጣሪው፣ ከዚያ በሶዳው አቅጥኚው። ጾመኛ ሰው ደም ውስጥ ከስኳሮቹ ሁሉ ግሉኮስ እጅግ ስለሚበዛ ፍሩክቶሱ ያን ያህል አያስጨንቅሽም። ቁጥርሽ ወደ ሆስፒታሉ ሲጠጋ ታያለሽ። ያ ውጤት ሐቀኛ ውጤት ነው፤ «ፕሮቲን ካነሳሁ ትርፉ ይህን ያህል ቀነሰ» ብለሽ በቁጥር አሳዪ። እኔ ፈታኝ ብሆን መስመሩ ቀጥ ማለቱን ከሚናገረው 0.998 አር ስኩዌር ይልቅ ይሄን አይቼ ነው የምጽፍልሽ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይገባበታል። ሲረሙ ላይ የታወቀ ግሉኮስ ይጨምሩና «ከጨመርኩት 98 በመቶውን መልሼ አገኘሁ» ይላሉ። መልካም። ግን ይሄ የሚያረጋግጠው የጨመርሽውን በትክክል መቁጠርሽን ነው። መጀመሪያ የነበረው ግሉኮስ ይሁን ዩሪክ አሲድ አይናገርም። ድንኳኑ ውስጥ 10 የማውቃቸው ሰዎች አስገብቼ 10 ጨመረ ብል፣ በፊት የነበሩት ዘመዶቼ ናቸው ማለት አይደለም። ከሆስፒታሉ ጋር ፊት ለፊት ማወዳደር ብቻ ነው የሚፈርደው። ዓለም አቀፉ የቤት መለኪያ ደረጃ፣ አይኤስኦ 15197 የ2013ቱ፣ ያንን ነው የሚጠይቀው። ከንባቦቹ 95 በመቶው ከማጣቀሻው በ15 በመቶ ውስጥ መውደቅ አለባቸው፤ ስኳሩ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደግሞ በ15 ሚሊግራም ውስጥ። አንቺ በሩብ ስተሻል፤ ርቀቱን ከዚህ ገምቺ።

ሌላው ወግ የመለየት ወሰን ነው። «0.1 ማይክሮሞላር ድረስ አያለሁ» የሚል ጽሑፍ ሞልቷል። ለምኑ? ጤነኛ ሰው ሳይበላ ከ3.9 እስከ 5.5 ሚሊሞላር አለው። 1 ሚሊሞላር 18 ሚሊግራም በዴሲሊትር መሆኑን ታውቂያለሽ። ስኳር የሚባለው ከ7 ጀምሮ ነው፤ የባሰበት ሰው 25ም 30ም ይደርሳል። የኒኬል ኤሌክትሮድ መስመር ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊሞላር ላይ ይጎብጣል። እንግዲህ ደም የሚፈልገው ከላይ ሰፊ መሆንን ነው፤ እኛ የምንፎክረው ከታች ጥልቅ በመሆን። ላብ ወይም ምራቅ የሚለካ ሰው ይፎክር፣ ያምርበታል። ለደም ግን ጉራ ነው።

አሁን ወደ ወንበርሽ ልምጣ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ቤተ ሙከራ ውስጥ።

እኔ በዚያ ከተማ ኤሌክትሮድ ስሠራ ያታለለኝ ብርዱ ነው። ኅዳር ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢ ደርቤ ካሊብሬሽን እሠራለሁ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ስደግመው የመስመሩ ዳገት በሩብ ያህል ከፍ ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሬ ላይ «ኤሌክትሮዱ እየነቃ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የሚያምር ማብራሪያም ፈጠርኩለት፣ ስለ ኒኬል ክሪስታል አደራደር። በአራተኛው ቀን የቤተ ሙከራው ረዳት ቴርሞሜትር ይዞ መጣና ቢከሩ ውስጥ ነከረው። ጠዋት 10 ዲግሪ፣ ከሰዓት 20። ከረንት በአንድ ዲግሪ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አባዢው። ማብራሪያዬን ቀድጄ ጣልኩ። አንቺም ቢከርሽን 25 ዲግሪ ውኃ ውስጥ አስቀምጪው። ውኃ ማሞቂያው መብራት ከጠፋበት ቢያንስ ቴርሞሜትሩን አንብበሽ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ጻፊ።

ግሉኮስሽን በምን ነው የምታሟሚው? በሶዳ ከሆነ ተይ። ሶዳ ውስጥ ያደረ ግሉኮስ ቀስ እያለ ወደ ፍሩክቶስና ማኖስ ይለወጣል። እናት መፍትሔውን በተጣራ ውኃ አዘጋጂ፣ ወደ ሶዳው የምትጨምሪው ልትለኪ ስትይ ነው። ሶዳውን ራሱን ደግሞ ክዳኑን ከፍተሽ አትተዪው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ካርቦኔት ይሆንብሻል። የብር ክሎራይድ ሪፈረንሱም ሶዳ አይወድም፣ ከጊዜ ጋር ይንሸራተታል። የሜርኩሪ ኦክሳይድ ሪፈረንስ ካለ እሱን፤ ከሌለ ድርብ መገናኛ ያለውን። እሱም ከጠፋ በየማታው ከአዲስ ሪፈረንስ ጋር አመሳክሪው።

ስትቀቢ የምታደርጊውን ደግሞ ገምቼ ልንገርሽ። 5 ማይክሮሊትር አንጠባጥበሽ ታደርቂዋለሽ፤ ሲደርቅ ቅንጣቱ ዳር ዳሩን ይከብና መሐሉ ባዶ ይቀራል። ያልታጠበ ስኒ ሥር የሚቀረውን የቡና ቀለበት አስቢ፣ እሱው ነው። ሁለት ኤሌክትሮድ አንድ አይነት የማይወጣልሽ ለዚህ ነው። ጠብታውን በሰፊ ብርጭቆ ከድነሽ በዝግታ አድርቂው፣ ይሻላል። ከመቀባትሽ በፊትም በአሉሚናው ከ1 ወደ 0.3፣ ከዚያ ወደ 0.05 ማይክሮሜትር እየወረድሽ በደንብ ወልውይው። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ወሩን ሙሉ ይቸገራል።

አሁን ደስ የማይልሽን ላዝዝሽ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ግማሽ ሜትር የመዳብ ሽቦ ግዢ። ፕላስቲኩን ላጪው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ አጥሪው፣ ጫፉን ብቻ አስቀርተሽ ቀሪውን ጥፍር ቀለም ቀቢው። 0.1 ሞላር ሶዳሽ ውስጥ አስገብተሽ ወደ 0.6 ቮልት አካባቢ ግሉኮስ ጨምሪበት። ይሠራል። ያለ ናኖ፣ ቅንጣቱን ኤሌክትሮዱ ላይ የሚይዘው ናፊዮን ሳይኖር፣ በጥቂት ብር። ይህን ያልኩት ሥራሽን ለማራከስ አይደለም። ናኖ ቅንጣትሽ የጨመረውን ለማወቅ ከዚህ ሽቦና ከተራ የኒኬል ቁራጭ ጋር ማወዳደር አለብሽ። የ3 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ስፋቱ 0.07 ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው። አንቺ ግን ላዩ ላይ ተራራና ሸለቆ ሠርተሻል፤ እውነተኛው ገጽ ብዙ እጥፍ ነው። ሴንሲቲቪቲሽን (በአንድ ሚሊሞላር የምታገኚውን ከረንት) በ0.07 ካካፈልሽ ቁጥሩ በከንቱ ይገዝፋል። በእውነተኛው ገጽ አካፍዪና አሁንም ከበለጠ ያኔ ናኖው ሠርቷል።

ኤሌክትሮዱ ታዲያ ለምን ይበጃል? ከኢንዛይም ነፃ የስኳር ልኬት ዓለም ላይ በትክክል የተሳካበት ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ስቴት የዴኒስ ጆንሰን ቡድን በየቅጽበቱ ቮልቴጅ እየቀያየረ ኤሌክትሮዱን የሚያጸዳ ዘዴ አወጣ። ዛሬ ስኳር በሚለኩ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ የወርቅ ኤሌክትሮድ፣ ሶዳ ውስጥ፣ ያለ ኢንዛይም ይሠራል። ዘዴው ምንድነው? ከኤሌክትሮዱ በፊት ኮለም የሚባል መለያ ቱቦ አለ። ስኳሮቹ በኮለሙ ተለያይተው አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ዘበኛው ኮለሙ ሆነ። ኤሌክትሮዱ የመጣውን መቁጠር ብቻ። የአንቺ ኒኬልም እንዲህ ያለ ቦታ ቢያገኝ ያምርበታል። ኮለም ከሌለሽ ደግሞ ጠቅላላ ስኳር ለኪ፦ ለስላሳ መጠጥ፣ ብቅል ጭማቂ፣ ማር። ሁሉን መብላቱ እዚያ ጥፋት አይደለም። ጠላና ጠጅ ላይ ግን አልኮሉ እንዳያጭበረብርሽ አስቀድመሽ በማትነን አስወጪው፤ ያዢልኝ ያልኩሽ ቃል ይቺ ነች። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ለማጋለጥም አትሞክሪ። ለኒኬል ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው።

ወደ እናትሽ።

በጽሑፎቹ መግቢያ ላይ «ኢንዛይም በቀላሉ ይበላሻል» የሚለውን ደጋግመሽ አንብበሻል። እውነቱን ለመናገር ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ከኢንዛይሞች መካከል ጠንካራ ነው፤ በደረቁ ስትሪፕ ላይ ወራት ይቆያል። ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ ካስቀመጡት ይጎዳል፣ አዎ። መሐል ሜዳ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የብዙ መለኪያ መሣሪያ መመሪያ ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ነው የሚለው። መንዝ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ቤት ውስጥም ከ10 ይወርዳል። ያኔ መሣሪያው ስህተት ብሎ ይዘጋል ወይም አይታመንም። ሌሊቱን መሣሪያውንና የስትሪፑን ጠርሙስ ከሳቸው ጋር ከብርድ ልብሱ ሥር ያሳድሩት፣ ወይም ከመለካታቸው በፊት ሩብ ሰዓት ያህል በርኖሱ ውስጥ ይያዙት። ምድጃ ዳር አይደለም። የጠርሙሱ ክዳን ሁልጊዜ ይከደን፤ ስትሪፕ እርጥበት ይጠጣል።

ከፍታውም አለ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ያለበት ስትሪፕ ላይ ኦክስጅን ከመለኪያው ጋር በኤሌክትሮን ይሻማል። ኦክስጅኑ ሲያንስ ሻሚው ይደክምና ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ግሉኮስ ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ያለበት ስትሪፕ ግን ኦክስጅን ግዱ አይደለም። በራሪ ወረቀቱ ላይ የትኛው እንደሆነና እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ 3,000 አካባቢ ላይ ያቆማሉ። ወረቀቱን አንብቢላቸው፣ ፋርማሲውንም ጠይቂ። ክትትል በሄዱ ቀን መሣሪያቸውን ይዘው ሄደው እዚያው ላብራቶሪ ደም ሲሰጡ በራሳቸውም ይለኩ። ሁለቱን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ጻፊ።

ጣታቸውን ደግሞ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁት። ማር የነካ ጣት 90ውን 200 ሊያደርገው ይችላል። በብርድ የደረቀ ጣት ደም አልወጣ ሲል ጨምቀው አያስጨንቁት፤ የሚወጣው ውኃማ ነገር ደሙን ያቀጥነዋል። እጃቸውን ወደ ታች አንጠልጥለው ትንሽ ያወዛውዙት፣ ከዚያ የጣቱን ጎን ይውጉ።